ለወፉ የመጣች ሚስት

ቡዓለም ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ሚስቱን አይደለም። ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ በረንዳው ላይ ይወጣና፣ የወፉ የሽቦ ጎጆ የለበሰውን ነጭ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ይገልጣል።

«እንዴት አደርክ ዐዚዝ? ብርድ አልነካህም?»

ዐዚዝ ማለት ውድ ማለት ነው። ዙሊኻ አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማዋለች። ከሃያ ዓመት በላይ አብራው ኖራ፣ ልጆች ወልዳ አሳድጋ ድራለት፣ ከዚያ ሰውዬ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ለእሷ ወጥቶ አያውቅም። እሷን ሲጠራ «አንቺ» ነው። ሰው ፊት ከሆነ ደግሞ «ቤቱ እንዲህ አለ፣ ቤቱን አሞታል» ነው የሚላት። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሚስቱን የሚያነሳው እንደዚያ ስለሆነ አልከፋትም ነበር። የከፋት ወፉ ስም ሲያገኝ ነው።

ወፉ መቅኒን የሚሉት ዘፋኝ ወፍ ነው። እፍኝ የማይሞላ፣ ፊቱ ቀይ ቀለም የተቀባ የሚመስል፣ ክንፉ ላይ ቢጫ መስመር ያለው። በሰፈራቸው፣ በባብ ኤል ዋድ፣ ሥራ ያለው ወንድ አንድ መቅኒን በረንዳው ላይ ይሰቅላል፤ ሥራ የሌለው ሦስት አራት ይሰቅላል። ቡዓለም ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ለዚያ ለአንዱ የሚያደርገው ግን ለአራስም አይደረግም። ኑጉን በእጁ እያበጠረ ገለባውን ያወጣለታል። ፖም በስሱ ይቆርጥለታል። እንቁላል ይቀቅልና አስኳሉን ይፈረፍርለታል፤ ነጩን ዙሊኻ ትበላዋለች።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የስፌት መኪናዋን ነገር ነው።

ዙሊኻ የሙሽራ ልብስ ትሰፋለች። ከፋዩን ትቆርጣለች፣ ደረቱንና እጅጌውን በወርቅ ክር ትጠልፋለች፣ ከዚያ በመኪና ትገጥመዋለች። ቡዓለም ይሠራበት የነበረው የጫማ ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ያ ቤት የሚበላው ከዚያች መኪና ነው። እና አንድ ቀን ጠዋት ቡዓለም ስልኩን ጎጆው ሥር አስቀምጦ የአንድ ስመ ጥር ወፍ ዜማ ከፍቶለት ሳለ፣ ዙሊኻ መኪናዋን ረገጠች።

«አንቺ፣ እስቲ አቁሚው» አላት።

«ምኑን?»

«መኪናውን። ትምህርት ላይ ነው።»

«ማነው ትምህርት ላይ ያለው?»

«ዐዚዝ ነዋ። ገና ልጅ ነው፣ ጆሮው የሰማውን ሁሉ ይይዛል። የመኪናሽን ድምፅ አንዴ ከያዘ ዜማው ተበላሸ ማለት ነው። ካፌ ወስጄው ታታታታ ቢል ምን ይሉኛል?»

«ኑግ የሚገዛለት እኮ በዚሁ ታታታታ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ቡዓለም፣ ዓይኑን ከጎጆው ሳያነሳ። «ወጥ ቤት ብትሰፊ ምን ይመስልሻል? በሩን ዘግተሽ።»

መኪናዋን ራሱ ተሸክሞ ወጥ ቤት አስገባላት። ከዚያ ወዲህ ዙሊኻ ከምድጃው አጠገብ ጎንበስ ብላ ትሰፋለች፤ ከፋዩ የሽንኩርት ሽታ እንዳይዝ በአንሶላ ትሸፍነዋለች። በበሩ ወዲያ በኩል ባሏ ከወፉ ጋር ይጫወታል። ሳቁን ትሰማለች። የሳቀበትን ነገር አታውቀውም።

እውነቱን ለመናገር ፋብሪካው በተዘጋ ሰሞን እንዲህ አልነበረም። ቡዓለም መጀመሪያ እንደሌሎቹ ወንዶች የሕንፃው ግድግዳ ላይ ተደግፎ መዋል ጀመረ። ግድግዳው ሲሰለቸው ቤት ይገባና ዙሊኻ አጠገብ ይቀመጣል። የተበተነ ዶቃ ይለቅምላታል። ስለ እናቱ ያወራታል፣ ስለ ድሮ አለቃው ያወራታል፤ የሚያወራው ሲያልቅበት ደግሞ ዝም ብሎ እጇን ያያል። ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ አላህ ሥራ ይስጠው» ይላታል፣ እሷም «አሚን» ትላለች። ውስጧ ግን ሌላ ነበር። ሥራ ባያገኝ ይሻል ነበር ያለችባቸው ቀኖች ነበሩ። እሱን ይዞት የነበረው ፋብሪካው ነው፤ እሷ ባሏን ያገኘችው ገና ያኔ ነው።

ከዚያ ጂላሊ መጣ። ጂላሊ አብሮት ከፋብሪካ የወጣ፣ ወፍ በማሳደግ ሰፈሩ ውስጥ የታወቀ ሰው ነው። «ግድግዳ ላይ ተደግፈህ ከምታረጅ ይሄን ያዝ» ብሎ አንድ ጫጩት መቅኒን ሰጠው። ቡዓለም በሳምንቱ ሰው ሆነ። ጢሙን ተላጨ፣ ሲጋራ ቀነሰ፣ በጊዜ መነሳት ጀመረ። ልጆቹም ዘመዶቹም ጎረቤቱም «እሰይ» አሉ። እሰይ ማለት ያቃታት ዙሊኻ ብቻ ናት። ባሏ ሲድን እሷም መደሰት ነበረባት፣ አልሆነላትም።

ከላይኛው ፎቅ ባያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትዮ ትኖራለች። በዕድሜ ስለምትበልጣት ዙሊኻ «ላላ ባያ» ብላ ነው የምታከብራት። አንድ ቀን ሎሚ ፈልጋ ስትወርድ የዙሊኻን መኪና ወጥ ቤት አየችና ሳቀች።

«ምነው፣ አባረረሽ እንዴ?»

«ወፉን እንዳልረብሽ ነው።»

«የእኔም ሰውዬ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እንደዚሁ ነበር። ጎጆውን አልጋው ራስጌ ካልሰቀልኩ ብሎ ስንት ተጣልተናል።»

«የሌላዋ ባል ሴት ጋር ይሄዳል» አለች ዙሊኻ፣ ሎሚውን እያቀበለቻት። «እሷን ቢያንስ ፀጉሯን ይዞ መጎተት ይቻላል። እኔ ምኑን ልጎትት? ላባውን?»

«ሚስት አምጪለት።»

«ለማን?»

«ለወፉ ነዋ። ወንዱ መቅኒን የሚዘፍነው ብቻውን ሲሆን ነው። ነጥለው የሚያስሩት ለምን ይመስልሻል? ሚስት አጠገቡ ካስገባሽለት አፉን ይዘጋል። ምን ጎድሎት ይዘፍናል? የእኛዎቹን አላየሽም? እስኪያገቡሽ ነው ወሬያቸው።»

ሁለቱም ሳቁ። ባያ ሎሚዋን ይዛ ወጣች፤ ነገሩ ግን ዙሊኻ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

ቀርቶም ይረሳ ነበር። ግን በሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ክር ልትገዛ ወጥታ በካፌው ደጃፍ አለፈች። ሴት የማትገባበት ካፌ ነው፤ የምታልፍ ሴት እንኳ ወደ ውስጥ አታይም። ዙሊኻ ግን የባሏን ድምፅ ሰማችና አየች። ግድግዳው ሙሉ ጎጆ ተሰቅሏል። ቡዓለም መሃል ላይ ቆሟል፤ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። የሚያወራውን አልሰማችም፣ ወንዶቹ ግን ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ አንዱ ዓይኑን በእጅጌው ያብሳል።

ያንን ሰውዬ ዙሊኻ ታውቀዋለች። ሳይጋቡ በፊት፣ በአንድ ዘመድ ሠርግ ላይ፣ በበር ቀዳዳ ያየችው እሱን ነው። ወሬው ሲጣፍጥለት አይታ ነው ለአባቷ እሺ ያለችው። ኋላ የጠፋ መስሏት ነበር። አልጠፋም፤ እዚህ ነው የሚውለው።

ማታ ራት ላይ ጠየቀችው።

«ዛሬ ምን አወራችሁ?»

«ከማን ጋር?»

«ካፌ።»

«ምንም። ምን ይወራል?» አለና ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከረ።

ያን «ምንም» መዋጥ አቃታት።

በዚያው ሰሞን የቡዓለም አጎት ብሊዳ ከተማ ሞቱ። ለቀብሩ ሄዶ ሐዘኑ እስኪነሳ ሦስት ቀን ሊቀመጥ ሆነ። በሩ ላይ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

«ውሃውን ጠዋት ጠዋት ቀይሪለት። ፀሐይ ሲበረታ አስገቢው።»

«እሺ።»

«የታች ሰዎች ድመት እንዳይጠጋው። ዐዚዝን አደራ።»

«እኔንስ ለማን አደራ ሰጠህ?»

«አንቺ ምን ትሆኛለሽ?» አለና ደረጃውን ወረደ።

ዙሊኻ ሻሿን አሰረችና ቀጥ ብላ ወደ ወፍ ገበያ ሄደች። ሻጩ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ነው።

«የሚዘፍን ነው የምትፈልጊው እህቴ?»

«የማይዘፍን። ሴት።»

«ሴት ማን ይገዛል? ልታራቢ ነው?»

«ልድር ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት፤ ቀልድ ፊቷ ላይ አልነበረም። አንዷን ወፍ ይዞ፣ ሴት መሆኗን እንድታምን ፊቷ ላይ ያለው ቀይ ከዓይኗ እንደማያልፍ አሳያትና በካርቶን አድርጎ ሰጣት።

ቤት ገብታ ሴቷን ጎጆው ውስጥ ለቀቀቻት። ዐዚዝ መጀመሪያ ጥግ ያዘ። ቆይቶ ላባውን ነፋ፣ እንጨቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። በማግስቱ ዙሊኻ ጨርቁን ስትገልጥ ከአፉ እያወጣ ያጎርሳታል። ዝም ብሏል። በረንዳው ዝም፣ ቤቱ ዝም። ዙሊኻ መኪናዋን ወደ ሳሎን ጎትታ እስኪበቃት ረገጠችው። ለሙሽሮች የሚዘፈነውን ዘፈን ሁሉ ለራሷ ዘፈነች።

ቡዓለም በሚመለስበት ቀን፣ እንዳያያት፣ ሴቷን አውጥታ ላላ ባያ ዘንድ በሌላ ጎጆ አስቀመጠቻት። መኪናዋን ወጥ ቤት መለሰች። የወፉ አፍ ከእንግዲህ ተዘጋ፣ እገላገላለሁ ብላ ሾርባዋን ጣደች።

ቡዓለም ገባ። ሻንጣውን በሩ ላይ ጥሎ በረንዳው ላይ ወጣ። ዙሊኻ ማንኪያዋን ይዛ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

ወፉ ዘፈነ።

ያ ስልኩ ያስተማረው ዜማ አልነበረም። አንገቱን ወደ ላይ ሰግጎ፣ ደረቱ እስኪንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ነው የሚዘፍነው። ያቆምና ጆሮውን ይሰጣል፤ ከላይኛው በረንዳ አንዲት ቀጭን ድምፅ ትመጣለች፤ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። ቡዓለም የላይኛዋን ድምፅ ከቁም ነገር አልቆጠራትም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ምን አድርገሽው ነው?» አላት።

ማንኪያዋን እንደያዘች ተጠጋችው። «ምን አደረግሁት?»

«እንዲህ ዘፍኖ አያውቅም። ምን አበላሽው?»

«የሚበላውን ነዋ።»

«እጅሽ ይባረክ» አለና እጇን ያዘ። ያዘና ፊቱን መለሰ። እጇን ይዞ ወፉን ያይ ነበር።

እንደምንም ብላ እጇን አስለቀቀችና ወደ ላይ ወጣች።

«ዝም ይላል ብለሽኝ ነበር።»

«ሚስቱ አጠገቡ እያለች ዝም አላለም?» አለች ባያ።

«ብሏል።»

«ሲነጥቁትማ እንዴት ዝም ይበል? ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። የድሮ ወፍ አሳዳጊዎች ለውድድር ሲሆን እንደዚያ አይደል የሚያደርጉት? ሚስት አሳይተው ይደብቁበታል። አንቺ ሳታውቂው ሠራሽለት።»

«እንግዲያው ልመልሳታ።»

«ዓርብ ውድድር አለ አሉ። አሁን ብታበላሺበት ጉድሽ ነው።»

እውነትም ውድድር አለ። ጂላሊ መጥቶ ሰምቶ፣ ሰው አክብሮ ሲ ቡጀምዓ የሚለው ጡረተኛ የሚመካበት ወፍ ዘንድሮ አበቃለት ብሎ ሄደ። ከዚያ ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። የማታውቃቸው ወንዶች ሶፋዋ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጫማቸውን በር ላይ ይደረድራሉ፣ «ማሻላህ» ይላሉ። ቡዓለም ገበያ ሲወጣ «የዐዚዝ ጌታ» ይሉታል። ዙሊኻ ኬክ ታቀርባለች፣ ሳህን ታነሳለች። ሦስት ቀን ሙሉ ያን ወፍ ማን እንደጠበቀው ማንም አልጠየቃትም።

የባሰባት ግን ይህ አይደለም። የባሰባት ወፉ ሲጠራ ከላይ መልስ የሚመጣለት መሆኑ ነው። እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና «ቡዓለም፣ ምሳ ቀርቧል» ትላለች፤ ማንም አይመልስላትም። ደጋግማ ጠርታ፣ በሩን ከፍታ አይታ፣ መልሳ ትዘጋዋለች። ወፉ አንዴ ሲጠራ ወዲያው መልስ ይመጣለታል። በወፍ መቅናቷን ለምዳው ነበር፤ አሁን ደግሞ በሁለት ወፍ ቀናች።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ቡዓለም ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ጎጆውን በጨርቅ ሸፍኖ እንደ ሙሽራ ወጣ። ከዚያ ሁሉ እንግዳ በኋላ ዙሊኻ ቤቱን ለብቻዋ አገኘችው። መኪናዋን ግን አልረገጠችም። ከላይ ሴቷ ወፍ ትጠራለች። ትጠራለች፣ ትሰማለች፣ መልስ የለም። ደግማ ትጠራለች። ዙሊኻ መርፌ ያዘች፣ መርፌው ጣቷን ወጋት። ክሩን በጠሰችና ተነሳች። ደረጃውን ስትወጣ አንድ ነገር ቆርጣ ነበር። ዛሬ ያ ሰውዬ ካፌው ውስጥ ሰው ፊት ወፉን ከመረጠ፣ ዙሊኻ ዋህራን ከተማ ልጇ ዘንድ ትሄዳለች፤ አትመለስም።

ጎጆውን አንስታ ልትወጣ ስትል ባያ በሩ ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ካፌ።»

«ሴት አይገባበትም እኮ።»

«ይቺም ሴት ናት። ሁለት እንሆናለን።»

ካፌው ውስጥ ሰው ተጠጋግቶ ቆሟል። ሁለት ጎጆዎች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ አንድ ዳኛ ከፊታቸው ተቀምጦ ዜማ በሰማ ቁጥር ጣቱን እያነሳ ይቆጥራል። የሲ ቡጀምዓ ወፍ ያቆምና ያርፋል። ዐዚዝ አያርፍም። ዙሊኻ ሴቷን ወፍ ይዛ ገባች።

«እህቴ፣ ተሳስተሻል» አለ ጂላሊ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄ ካፌ ነው።»

«አውቃለሁ። ባሌ የሚኖርበት ነው።»

ወንዶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ሊነኳት ስላፈሩ ነው የለቀቁት። ግድግዳው ዘንድ ደርሳ የዐዚዝን ጎጆ ከፈተች፣ ሴቷን በእጇ ይዛ አስገባቻት፣ መልሳ ዘጋችው። ዐዚዝ ዜማውን መሃል ላይ ቆረጠ። ወደ ሴቷ ተጠጋ። ከዚያ በኋላ ካፌው ውስጥ የሚሰማው የሲ ቡጀምዓ ወፍ ብቻ ሆነ።

ቡዓለም ፊቱ እንደ ወፉ ፊት ቀልቷል። «ምን አደረግሽ?»

«ሚስቱን አመጣሁለት። ለቀብር ስትሄድ የዳርኩት እኔ ነኝ፣ የነጠቅኩትም እኔ ነኝ። ዘፈን መስሎህ ነው እንጂ እየጠራት ነበር።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ጎሸም አደረገው።

«ለምን?» አላት ቡዓለም።

«ዝም እንዲልልኝ። እሱ ዝም ካለ እኔን የምታናግረኝ መስሎኝ።»

ይህን ልትል አልመጣችም ነበር። ሌላ፣ ቁጣ ያለበት ነገር ደረጃው ላይ አዘጋጅታ ነበር። የወጣው ግን ይህ ነው፤ ያን ያህል ወንድ ፊት።

ጂላሊ የቡዓለምን ትከሻ ያዘ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ሴቷን አሁን ብታወጣት ወዲያው ይቀጥላል። ጊዜ አለ። ቤቱን ደግሞ ልጆች ይሸኙልህ።»

ቡዓለም እጁን ወደ ጎጆው በር ዘረጋ። ዙሊኻ ያንን እጅ ነው የምታየው። ጣቱ የበሩን ሽቦ ያዘ። ውስጥ ዐዚዝ ከአፉ እያወጣ ሴቷን ያጎርሳል። ቡዓለም ያንን አየ፣ ከዚያ ዞሮ ዙሊኻን አየ፤ ሻሿ ወደ አንድ በኩል ተንሸራትቷል፣ ጣቷ ላይ ደም አለ። እጁን ከሽቦው አወረደው።

«ድሉን ለሲ ቡጀምዓ ስጡት» አለ ለዳኛው። «እኛ ተሸንፈናል።»

ጉምጉምታ ሆነ። አንዱ «ወፉን ገደለችው» አለ፣ ሌላው ደግሞ በወፍ የምትቀና ሴት ሰምቼ አላውቅም አለ። ሲ ቡጀምዓ የአሸናፊ ፊት ሊያሳይ ሞክሮ አልሆነለትም። ቡዓለም የራሱን ወንበር አንስቶ ወደ ዙሊኻ አመጣ።

«ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። አስተናጋጁ የካፌውን ባለቤት አየ፤ የካፌው ባለቤት ጣሪያውን አየ።

«ምን ልዘዝልሽ?» አላት ባሏ።

«ምንም አልጠጣም። እዚህ የምታወራውን አውራኝ።»

«ምኑን?»

«ቤት ስትመጣ ምንም የምትለውን።»

ቡዓለም ሌላ ወንበር ጎትቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ጠረጴዛውን በመዳፉ አበሰ።

«የማወራው እኮ ስለ ወፉ ነው» አላት በመጨረሻ። «ሌላ ምንም የለኝም። ሌላ ምን አለኝ?»

«ስለ ወፉ ይሁን።»

«ትቀኚያለሽ።»

«እቀናለሁ። አውራ።»

እሱም ጂላሊ ጫጩቱን ያመጣለትን ቀን ማውራት ጀመረ። መጀመሪያ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ ኋላ እየሞቀው ሄደ። ወሬውን የሚያውቁት ወንዶች እንኳ ጠጋ ጠጋ አሉ። ጂላሊም ወንበሩን ጎትቶ ከጎናቸው ሊቀመጥ ሲል ዙሊኻ ቀና ብላ አየችው። ወንበሩን ወደነበረበት መለሰው።